«ቁም» ከተባለ በኋላ

ብዙ ሰው ፌንሲንግ፣ ማለትም በሻሞላ የሚፋለሙበት ስፖርት ላይ፣ አደጋ የሚደርሰው ልጆቹ ሲፋለሙ ይመስለዋል። እኔ በሥራዬ ያየሁት ሌላ ነው። ጭምብል አጥልቀው ፊት ለፊት ተያይተው ሲገጥሙ ያን ያህል አልሰጋም። የምሰጋው ዳኛው «ቁም» ካለ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ። ውጭ አገር ኖሮ የተመለሰ አንድ የከተማችን ልጅ ያገለገሉ የፌንሲንግ ዕቃዎች ይዞ መጥቶ ተማሪዎችን ማሠልጠን ጀመረ። እሱ ያሠለጥናል፣ ዳኝነቱንም ይይዛል። ማን ምን ለብሶ፣ ምን ይዞ ወደ መድረኩ እንደሚወጣ ማየት የእኔ ሥራ ሆነ። ቀላል ይመስላል። የውድድር ቀን ግን ከእኔ ጋር የማይከራከር ልጅ የለም።

ውድድሩን የያዝነው በፍስክ ወቅት፣ ቅዳሜ ነው። በጾም አናደርገውም። ልጁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ቆይቶ በዚያ ወፍራም ጃኬት ውስጥ ሲያልበው ጉልበቱ ይከዳዋል። ጉልበቱ የከዳው ልጅ ደግሞ እጁን አይቆጣጠርም። ስለዚህ ቁርሳችሁን ከግጥሚያው ሁለት ሦስት ሰዓት አስቀድማችሁ ብሉ፣ ውሃ ያዙ ብለን ነግረናቸው ነበር።

ጠዋት ፍተሻውን ከጭምብል ጀመርኩ። በትልልቅ ውድድሮች የጭምብሉን የሽቦ መረብ በ12 ኪሎ ኃይል በሚጫን ሹል መፈተሻ ይወጉታል። እኛ መፈተሻው የለንም። እኔ መረቡን ወደ ብርሃን አዙሬ አያለሁ፣ ዙሪያውን በአውራ ጣቴ እጫናለሁ፣ ዝገት ካለ በጨርቅ እፈትጋለሁ። አንዱ ጭምብል ግንባሩ ላይ ጎድጎድ ብሏል። «ቲቸር፣ ትንሽ እኮ ናት» አለኝ የያዘው ልጅ። የመረብ ጎድጓዳ ትንሽ የለውም፣ ሽቦው ተስቧል ማለት ነው። ወስጄ ቢሮ ቆለፍኩበት።

ከዚያ ሻሞላዎቹን አየሁ። ልጆቹ የሚጫወቱት ፎይል በሚባለው ቀላል ሻሞላ ነው። ክብደቱ ከ500 ግራም በታች፣ ርዝመቱ ቢበዛ 110 ሳንቲ ሜትር ነው። ብረቱ ለስለስ ብሎ መጉበጡ ችግር የለውም፣ ግን ጉብጠቱ 1 ሳንቲ ሜትር መሙላት የለበትም። እንደ ክርን የታጠፈውን ግን ማንም አቃናሁት ቢለኝ አልቀበልም። የሚሰበረው እዚያው ቦታ ላይ ነው። ደህናው ፎይል ጫፉ ዱልዱም ነው፤ የተሰበረው ግን ጦር ይሆናል።

ይህን ስል በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሮም ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፣ በሞስኮ ኦሊምፒክ በፎይል ወርቅ ያገኘው የሶቪየት ኅብረቱ ቭላዲሚር ስሚርኖቭ ከምዕራብ ጀርመኑ ማትያስ ቤር ጋር ገጠመ። የቤር ብረት ተሰበረ። ስባሪው የስሚርኖቭን ጭምብል በስቶ በዓይኑ በኩል ገባ፣ ስሚርኖቭም በጉዳቱ ሞተ። ቤር ምንም ሕግ አልጣሰም። የዛሬዎቹ ጠንካራ ጭምብሎች፣ ልብሶችና የተሻሻለው ብረት ከዚያ ሞት በኋላ የመጡ ናቸው። ለልጆቹ በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ። የምነግራቸው ላስፈራራቸው ሳይሆን ጎድጎድ ያለውን ጭምብል ለምን እንደምቀማቸው እንዲገባቸው ነው።

ልብስ ላይ የምቆይበት ቦታ አለኝ። የጓንቱ እጀታ የክንዱን ግማሽ መሸፈን አለበት፣ የጃኬቱም እጅጌ ከጓንቱ ውስጥ ይገባል፤ አለዚያ የሻሞላው ጫፍ በእጅጌው ሾልኮ ይገባል። ሻሞላ የሚይዘው እጅ ባለበት ጎን ብብት ሥር ተጨማሪ መከላከያ ይለበሳል። ሴቶቹ የደረት መከላከያ ሳያደርጉ አይገቡም። የአንገት ሐብል ይወልቃል። ማተብ ግን አውልቁ አንልም፣ ከጃኬቱ ሥር ይገባል። ይህን አስቀድመን ከወላጆች ጋር ስለተነጋገርንበት ማንም ቅር አላለውም።

አደጋው የደረሰው ከሰዓት ነው። የገጠሙት ሁለቱም ጎበዞች ናቸው። አንዱ ከማቻከል ገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ከልጅነቱ በትር ሲያሽከረክር ያደገ ልጅ ነው። ሌላው የከተማ ልጅ ነው፣ ዝምተኛ። ሦስት ለሦስት ሆኑ። የማቻከሉ ልጅ ተወርውሮ ደረቱ ላይ ነካው። አራት ለሦስት። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። «ቁም!» አለ ዳኛው።

ልጁ ጭምብሉን ላጥ አድርጎ ጣለና «ዘራፍ!» አለ። ሻሞላውን ከፍ አድርጎ ጀርባውን ለተጋጣሚው ሰጠ፣ ከዚያ እየፎከረ ዞረ። በዚያው ቅጽበት የከተማው ልጅ ላቡን ሊጠርግ ጭምብሉን እስከ ግንባሩ ገፍቶት ነበር። ዞሮ የመጣው ብረት ቅንድቡን ሸረከተው። ደሙ ጉንጩ ላይ ወረደ።

ሮጬ ደረስኩ። ንጹሕ ጎዝ ቁስሉ ላይ ጫን አድርጌ ያዝኩ፣ የዓይኑን ኳስ ግን አልነካሁም። በረደልኝ ሲል ደህናውን ዓይን ሸፍኖ ጣቶቼን እንዲቆጥር አደረግኩት። በትክክል ቆጠረ። ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ጤና ጣቢያ ላክነው፣ ተሰፍቶለት የቴታነስ መከላከያ ተወግቶ ተመለሰ። ብረቱ ትንሽ ዝቅ ቢል ዓይኑ ነበር። እሱን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይረበሻል።

ዳኛው ለፎካሪው ቀይ ካርድ አሳየው። ተመልካቹ «ተባረረ!» ብሎ ጮኸ። በእግር ኳስ ለምዶ ነው። በፌንሲንግ ቀይ ካርድ ለተጋጣሚ አንድ ነጥብ ያሰጣል እንጂ አያባርርም፣ የሚያባርረው ጥቁሩ ነው። ውጤቱ አራት እኩል ሆነ። የተጎዳው ልጅ መቀጠል ስለማይችል፣ የትምህርት ቤት ውድድርም ስለሆነ፣ ያለ ውጤት ዘጋነው።

ልጁ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። «ቲቸር፣ መምታት ፈልጌ አይደለም» ይለኛል። አውቃለሁ። ጎጃም ተወልዶ እልልታ ሰምቶ ደሙ የማይፈላ ወጣት የለም። ፉከራን ከልጆቹ ላይ መከልከል ተገቢ ነው ብዬም አላምንም። በዚህ ሐሳብ ስወዛገብ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ፣ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ መጡና ልጁን ትከሻውን ያዝ አደረጉት።

«ስማኝ ልጄ» አሉት። «ፎካሪ ሲነሳ ሰው ቦታ ይለቅለታል። እሱም ዙሪያውን ሳያይ አይነሳም። መሣሪያ ከያዘ ወደ ሰማይ ነው የሚያቀናው። አንተ ማን አጠገብህ እንዳለ መች አየህ?»

እኔ ከደንብ መጽሐፍ ልነግረው ያሰብኩትን እሳቸው ከአገሩ ወግ ነገሩት። ልጁም ቀና ብሎ ሰማ።

ከዚያ ወዲህ አሠራራችንን ለወጥን። «ቁም» ሲባል የሻሞላው ጫፍ ወደ መሬት ይወርዳል፣ እግርም ባለበት ይቆማል። ዳኛው ሳይፈቅድ ጭምብል ፈቀቅ አይልም። ላብ ያስቸገረው እጁን አንሥቶ ይጠይቃል። ግጥሚያው ሲያልቅ ሁለቱም በሻሞላ ሰላምታ ይሰጣጣሉ። ቀጥሎ መጨባበጥ አለ። በደንቡ የሚጨበጠው ጓንት በሌለው እጅ ነው፣ ለቀኝ እጅ ተጫዋች በግራው ማለት ነው። ልጆቻችን «በግራ እጅ እንዴት ሰው ሰላም እላለሁ?» ብለው እምቢ አሉ። እውነት አላቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ሻሞላቸውን ለእኔ ያስረክባሉ፣ ጓንታቸውን ያወልቃሉ፣ ከዚያ በቀኛቸው ይጨባበጣሉ። መፎከር የፈለገ ከዚያ በኋላ፣ ባዶ እጁን፣ ሰፊ ቦታ ተለቆለት ይፎክራል። ተጋጣሚውም ያጨበጭብለታል።

አሁን የሚያስቸግረን ተመልካቹ ነው። መድረኩ 14 ሜትር ይረዝማል፣ ስፋቱ ግን 2 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሕፃናቱ በቅርብ ለማየት እስከ ጠርዙ ይመጣሉ፣ ወደ ኋላ የሚያፈገፍግ ተጫዋች ደግሞ ከኋላው ማን እንዳለ አያይም። በሁለቱም ጎን ገመድ ወጥረናል፣ ግን ሥሩን ሾልከው ይገባሉ። በሚቀጥለው ውድድር ገመዱን የሚጠብቁ ተማሪዎች እመድባለሁ። የማቻከሉ ልጅ የራሱ ግጥሚያ በሌለበት ሰዓት አንዱን ጎን ልያዝ ብሎ ጠይቆኛል፣ እሺ ብዬዋለሁ።