ወደ ጣና ዳር ያመጣኋቸው ሁለት ፍራሾች

ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ብሆንም ያለፉትን ሃያ አንድ ዓመታት የኖርሁት ካናዳ፣ ሞንትሪያል ነው። ሥራዬ የሰርከስ ባለሙያዎች የሚንጠለጠሉበትን ገመድ፣ የሚወጡበትን ምሰሶና የሚወድቁበትን ፍራሽ ከልምምድ በፊት መፈተሽ ነው። ልጅ ሳለሁ እኔም ከሰፈር ልጆች ጋር አክሮባት እሠራ ነበር። በአሥራ አራት ዓመቴ ሲሚንቶ ላይ ስገለበጥ ወድቄ የግራ እጄ አንጓ ተሰበረ፤ ወጌሻ አሽቶ ቢያስረውም እንደ ቀድሞው አልተመለሰምና በእጅ መቆም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረብኝ። ዛሬም አንድ ወጣት ከትራፒዝ (በሁለት ገመድ ከተንጠለጠለው መወዛወዣ ዘንግ) ወደ መረቡ ወድቆ ልብሱን እያስተካከለ ሲነሣ ባየሁ ቁጥር ያ ሲሚንቶ ትዝ ይለኛል።

ባለፈው ጥር ለጥምቀት ስመጣ ሁለት ተጣጣፊ የመለማመጃ ፍራሾች ይዤ መጣሁ። ያመጣኋቸው ጣና ዳር ባለው ሣር ላይ ማለዳ ማለዳ ለሚለማመዱ አሥራ ሁለት ልጆች ሲሆን፣ የሚያሠለጥናቸው አብሮ አደጌ ነው። ግማሹ መሬት ውስጥ በተቀበረ የመኪና ጎማ ላይ ተንደርድረው እየነጠሩ በአየር ላይ ይገለበጣሉ፤ ሦስት ፎቅ የሰው ፒራሚድ ሠርተው ከላይ ያለችው ልጅ እስክስታ ትመታለች። በሙያዬ ዓይን ሳያቸው ሞንትሪያል ካሉት እኩዮቻቸው በድፍረትም በቅልጥፍናም አያንሱም። የጎደላቸው ጣሪያ ያለው ወለል ነው፤ ክረምት ሲገባ ሣሩ ስለሚጨቀይ ልምምዱ ይቋረጣል።

አዳራሽ ለመጠየቅ ማመልከቻ ይዘን ሄድን። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት «ይህ ስፖርት ነው» ብሎ ወደ ሁለተኛው ላከን፤ ሁለተኛው ደግሞ «ውድድር የሌለው ስፖርት የለም፤ ይህ ትርኢት ነው» ብሎ ወደ መጀመሪያው መለሰን። አብሮ አደጌ ተስፋ ሲቆርጥ የፈረንሳይን ታሪክ ነገርሁት። በዚያች አገር ሰርከስ እስከ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ይተዳደር የነበረው በግብርና ሚኒስቴር ሥር ነበር፤ ሰዎቹ ሰርከስ ሲባል የሚታያቸው ፈረሱና አንበሳው እንጂ የሰውየው ጥበብ አልነበረም። ወደ ባህል ሚኒስቴር ከተዛወረ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ1985 ሻሎን በተባለች ከተማ የመንግሥት የሰርከስ ማሠልጠኛ ተከፈተ። ከዚያ የተመረቁ ወጣቶች በ1995 ዮሴፍ ናጅ ከተባለ የዳንስ አቀናባሪ ጋር «የእስስቷ ጩኸት» የተሰኘውን ሥራ አቀረቡ፤ ብዙዎችም የዘመናዊውን ሰርከስ ልደት ከዚህ ሥራ ይቆጥራሉ። ከዚያ ወዲህ ተመልካቹ «ምን ያህል ከፍ ብሎ ዘለለ?» ብቻ ሳይሆን «ሲዘል ምን እየነገረን ነው?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። እኔ ለዚህ ጥበብ ያለኝ ፍቅር በሙሉ ያረፈው በዚህ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው።

የምኖርባት ከተማም በሰርከስ እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰችው በትምህርት ነው። የሞንትሪያል የሰርከስ ትምህርት ቤት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሆን፣ በ2004 የተከፈተው ቶሁ የሚባለው ክብ አዳራሽ የቆመው ቀድሞ የድንጋይ ካባ፣ በኋላም የቆሻሻ መጣያ ከነበረ ስፍራ አጠገብ ነው። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው አንዷ ዞር ብላ ሐይቁን አየችና «እኛ እኮ ጣና አለን» አለችኝ።

ማታ ቤት ስንገባ አጎቴ ነገሩን ሰምተው «ሰዎቹ አልተሳሳቱም፤ ጨዋታ ነው። ለዚህ ነው ሃያ ዓመት ተሰደህ የኖርኸው?» አሉኝ። አጎቴ የአገው ምድር ሰው ናቸው፤ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የጊዮርጊስ ዕለት ፈረሳቸውን ሸልመው የሚወጡ የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ። ስለዚህ የሰርከስን ታሪክ ከፈረስ ጀመርሁላቸው። እ.ኤ.አ. በ1768 ለንደን ውስጥ ፊሊፕ አስትሊ የተባለ የቀድሞ ፈረሰኛ ወታደር የግልቢያ ትርኢቱን በክብ ሜዳ ላይ ማሳየት እንደ ጀመረ፣ ከጊዜ በኋላም የክቡ ስፋት አሥራ ሦስት ሜትር ገደማ ሆኖ እንደ ጸና፣ ክብ የሆነበትም ምክንያት ፈረሱ እየዞረ ሲጋልብ ሰውየው በጀርባው ላይ ቆሞ ሚዛኑን መጠበቅ ስለሚቀለው መሆኑን አስረዳኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እውነት ነው፤ ፈረሱ ወደ ውስጥ ሲያጋድል ሰውየውም አብሮት ያጋድላል፤ ያን ጊዜ አይወድቅም» አሉ፤ በእጃቸውም ልጓም የያዙ ያህል አሳዩኝ።

የእኛም ታሪክ አጭር አይደለም። ሰርከስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991፣ ፈቃት ሰርከስ በ2004 አዲስ አበባ ውስጥ ተመሥርተዋል፤ በ2015 የአፍሪካ ሰርከስ ፌስቲቫል እዚያው ተካሂዷል፤ በ2017 ደግሞ ሰርከስ አቢሲኒያ የስኮትላንዷን የኤድንብራን መድረክ ረግጧል። ከስደት ሆኜ እነዚህን ዜናዎች በሰማሁ ቁጥር ደስታዬ ከቁጭት ጋር ይመጣ ነበር፤ ብዙዎቻችን ከሀገር የወጣነው መሥሪያ ቦታ ስላጣን ነውና።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ልጆቹ አዲስ ሥራ አሳዩኝ። ዓሣ አጥማጆች ደንገል ታንኳቸውን እንዲደርቅ ዛፍ ላይ አስደግፈው ሲያቆሙት አይተው ያሰቡት ነው፤ አራት ልጆች አንድ ታንኳ ወደ ላይ አቁመው ይይዛሉ፣ እኛ ጣና አለን ያለችው ልጅ እስከ ጫፉ ትወጣና በመቅዘፊያ አየሩን ትቀዝፋለች። ማንም አላስተማራቸውም። የታንኳውን ማሰሪያ አንድ በአንድ ፈተሽሁ፤ ሁለቱን ፍራሾች ከሥሩ ዘረጋሁ፤ ሆኖም ታንኳው ወደ ሐይቁ በኩል ያዘነብል ስለነበር አንድ ያዥ እንደሚጎድል ነገርኋቸው። አጎቴ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ሣሩ ላይ አስቀመጡና በዚያ በኩል ገብተው ታንኳውን ያዙ።