የገበጣው ሽማግሌ፦ ሚኒ ጌም ለአርፒጂ የሚጠቅመው መቼ ነው?

ጎዶ 4 በሚባል የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር የምንሠራው አርፒጂ (ገጸ ባሕርይ እየመሩ የሚጓዙበትና የሚያሳድጉበት ጌም) አሁን ሦስት ሚኒ ጌም፣ ማለትም በዋናው ጌም ውስጥ ያሉ ትናንሽ ጨዋታዎች፣ አለው፦ ገበጣ፣ ቅኝት መለየትና ዓሣ ማጥመድ። ዓለሙ ምናባዊ ነው፤ አስማትም ጭራቅም አለበት። መልክዓ ምድሩ ግን ከዚሁ ከደሴና ከኮምቦልቻ የተቀዳ ነው። ላይ ጦሳን በሚመስል ተራራ ሥር ብርዳም ከተማ አለ፤ ታች የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደው የሚደርሱበት ሞቃት ከተማ፤ በስተሰሜን ደግሞ ሐይቅ። መገበያያው አሞሌ ጨው ነው። እስካሁን የተሠራውን፣ የተበላሸውንና የተስተካከለውን ከነቁጥሩ እዚህ አስቀምጠናል፤ ተመሳሳይ ነገር የሚሞክር ሰው ከዚሁ ይነሳ።

ሥራው ሲጀመር ያከራከረን ጥያቄ አንድ ነበር። ተጫዋቹ ቢፈልግ የሚነካው፣ ባይፈልግ የሚያልፈው ሚኒ ጌም አርፒጂን ያሳምራል ወይስ ያንዛዛል? አሁን የደረስንበት መልስ ይኼ ነው፦ የሚወስነው ከጨዋታው ጣዕም ይልቅ ሽልማቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ፋይናል ፋንታሲ 10 የተባለውን የ2001 አርፒጂ እንመልከት። ነጎድጓዳማው ሜዳ ላይ 200 መብረቅ በተከታታይ መሸሽ አለ። አንዱ ከመታህ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። 200 ሲሞላ የሚገኘው ሽልማት ደግሞ ሉሉ የምትባለውን ገጸ ባሕርይ ዋና መሣሪያ ወደ ሙሉ ኃይሉ ለማድረስ የሚያስፈልግ ዕቃ ነው። ማንም አያስገድድህም፤ ግን ገጸ ባሕርይዋን በሙሉ አቅሟ ማየት የሚፈልግ ሰው ሌላ መንገድ የለውም። ስሙ ምርጫ ይሁን እንጂ በተግባር ግዴታ ነው። በዚያ ላይ መብረቅ መሸሽ ስለዚያ አገር ሰዎች የሚነግርህ ነገር የለም፤ ጣትህን ብቻ ነው የሚፈትነው።

በ1999 የወጣው ፋይናል ፋንታሲ 8 ደግሞ ትሪፕል ትራያድ የሚባል የካርድ ጨዋታ አለው። ሰሌዳው 3 በ3 ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 5 ካርድ ይሰጣል፤ በካርዱ አራት ጎኖች ላይ ቁጥር አለ። በሁለት ደቂቃ ይለመዳል። መንገድ ላይ ከምታገኘው ሰው ብዙው ሊጫወትህ ይችላል፣ ደንቡም ከአገር አገር ይለያያል። እዚህ ላይ ዓለሙ ሕይወት ያገኛል። የሚያበላሸው ካርዶችህን በዕጣ የሚመርጥልህ ደንብ ነው፤ አንዴ ወደ አንድ አካባቢ ከገባ የሰበሰብከው ጥሩ ካርድ ዋጋ ያጣል። ካርድን ወደ ዕቃ የሚለውጥ ችሎታ ስላለም፣ ካርድ የወደደ ተጫዋች ብዙ ሳይዋጋ ገና ከመጀመሪያው ከጌሙ በላይ ይጠነክራል። ይኼን ስህተት እኛም ደግመነዋል፤ ወደ ታች እንመለስበታለን።

ዊቸር 3 በሚባለው አርፒጂ ውስጥ ያለው የካርድ ጨዋታ፣ ግዌንት፣ ከሁሉም በላይ የምንማርበት ነው። በ10 ካርድ እስከ ሦስት ዙር ትጫወታለህ፤ አዲስ ዙር ስለተጀመረ ብቻ አዲስ ካርድ አይሰጥህም። ስለዚህ ችሎታው መቼ መሸነፍ እንዳለብህ ማወቅ ላይ ነው፦ አንዱን ዙር ለቀህ ሌሎቹን ሁለቱን ታሸንፋለህ። አንጥረኛው ይጫወታል፣ ባለ መጠጥ ቤቷ ትጫወታለች። ጉድለቱ አንዳንድ ካርድ በአንድ ተልዕኮ ጊዜ ብቻ መገኘቱ ነው። ያ ካመለጠህ ስብስቡ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል። በኋላ በመጣ ማሻሻያ የጎደለውን የሚጠቁም መጽሐፍ መጨመሩ ችግሩ ምን ያህል ሰው እንዳስቆጨ ያሳያል።

እነዚህን ሦስቱን ይዘን ወደ ገበጣ ገባን።

የገበጣ ደንብ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የያዝነው ባለሁለት መደዳውን ነው፦ በአንድ መደዳ 6 ጉድጓድ፣ በድምሩ 12፤ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር፣ በድምሩ 48። ተራው የደረሰው ሰው ከራሱ መደዳ የአንዱን ጉድጓድ ጠጠር በሙሉ ያነሳና ወደ ቀኝ እየዞረ አንድ አንድ ይጥላል። የመጨረሻዋ ጠጠር ጠጠር ካለበት ጉድጓድ ከገባች ያንን ሁሉ አንስቶ ይቀጥላል። ባዶ ጉድጓድ ከገባች ያቆማል። ያ ባዶ ጉድጓድ በራሱ በኩል ከሆነ ትይዩው ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ይበላል። ቀድሞ 25 የበላ አሸነፈ።

ለኮዱ 12 ቁጥር የያዘ አንድ ዝርዝር ይበቃል። የተጫዋቹ ጉድጓዶች ከ0 እስከ 5፣ በጌሙ ውስጥ የሚገጥመው የሽማግሌው ከ6 እስከ 11 ናቸው። ቀጣዩ ጉድጓድ አንድ ተደምሮ ለ12 ሲካፈል የሚተርፈው ነው፤ ትይዩው ከ11 ላይ ቁጥሩ ሲቀነስ ይገኛል። እስከዚህ ድረስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የመጀመሪያውን እጅ፣ ማለትም የመጀመሪያውን ተራ፣ ወረቀት ላይ አስሉት። ከየትኛውም ጉድጓድ ብትነሱ ጠጠር 5 ጊዜ ይነሳል፦ 4፣ 5፣ 5፣ 6፣ 6፤ በድምሩ 26 ጠጠር ይጣላል። የመጨረሻዋ ሁልጊዜ ከተነሳችሁበት ሁለት ጉድጓድ አልፋ ባዶ ቦታ ላይ ታርፋለች። ከ1ኛው ጉድጓድ የጀመረ 1 ጠጠር ይበላል። ከ2ኛው፣ ከ3ኛው ወይም ከ4ኛው የጀመረ 6 ይበላል። ከ5ኛውና ከ6ኛው የጀመረ ተቃራኒው በኩል ስለሚያርፍ ምንም አያገኝም። ማለትም የጀመረ ሰው ገና ሳያስብ 6 ጠጠር ይዟል። ተጫዋቹ ይህን አንዴ ካወቀ ሁልጊዜ በዚያው ይከፍታል፣ ጨዋታውም ይደነዝዛል። ያደረግነው ማስተካከያ አጭር ነው፦ በሁለቱም ወገን የመጀመሪያ እጅ መብላት የለም። ጠጠሩ ይዞራል፣ ሰሌዳው ይለወጣል፣ መብላት ከሁለተኛው እጅ ይጀምራል።

ቀጥሎ የመጣው የፍጥነት ጣጣ ነው። አንዷን ጠጠር በ0.35 ሰከንድ ስንጥል ያቺ የመጀመሪያ እጅ ብቻ 9 ሰከንድ ፈጀች፤ ሽማግሌውም ያንኑ ያህል ይወስዳል። ተጫዋቹ ቁጭ ብሎ ጠጠር ሲቆጠር ያያል ማለት ነው። ሁሉንም በ0.08 ሰከንድ ስናደርገው ደግሞ እጁ የት እንደዞረ አይታይም፣ ደንቡን የማያውቅ ሰውም ሳይማር ይቀራል። የተስማማን ድብልቅ ነው፦ መጀመሪያ የሚነሱት ጠጠሮች እያንዳንዳቸው 0.3፣ ከዚያ በኋላ ያሉት 0.08። 26ቱ ጠጠር በ3 ሰከንድ ገደማ ያልቃል፣ የእጁ አቅጣጫም ይታያል። ስክሪኑን መታ ማድረግ እስከ መጨረሻው ያዘልላል። ድምፁ ላይም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ዓይነት የጠጠር ድምፅ 26 ጊዜ ሲደጋገም ጆሮ ያደክማል፤ በእንጨት ላይ የተጣሉ ሦስት የተለያዩ ጠጠሮች ተቀድተው በዕጣ ቢቀያየሩ ይበቃል።

ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ሳያገኝ መዞሩን የሚቀጥልበት አደራደር ሊያጋጥም ስለሚችል ገደብ አበጁለት። የእኛ 200 ጠጠር ነው፤ እዚያ ሲደርስ እጁ ባለበት ይቆማል፣ መብላት የለም። ይህ ገደብ ከሌለ ጌሙ ደርቆ ይቀራል፣ ምክንያቱን ለማግኘትም ቀን ይፈጃል።

ሽማግሌው እንዴት ያስብ የሚለው ቀላል ይመስላል። 4 እጅ ወደፊት እንዲያይ ቢደረግ ቢበዛ 1,296 አማራጭ ይመዝናል፤ 2 ጊጋ ራም ያለው ስልክም ይችለዋል። 6 እጅ ከተደረገ 46,656 ስለሚደርስ ስልኩ ቆም ቆም ይላል። ግን 4 እጅ የሚያይ ሽማግሌ ለጀማሪ ምሕረት የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ 1 እጅ ብቻ ያያል፤ ከሦስተኛው ጨዋታ ጀምሮ 2፤ 4 የሚያየው ተጫዋቹ ሁለት ጊዜ ካሸነፈው በኋላ ነው። ስልኩ ቶሎ ቢያሰላም 0.8 ሰከንድ ይጠብቃል፣ እጁን ሰሌዳው ላይ ያንዣብባል። ይህቺ ትንሽ ቆይታ ስትወጣ ሽማግሌው ሰውነቱን ያጣል።

አሁን ወደ ሽልማቱ። የመጀመሪያው ዕትም ለአሸናፊ 30 አሞሌ ይሰጥ ነበር። አንድ ጨዋታ 4 ደቂቃ ይፈጃል፤ ጫካ ውስጥ የ4 ደቂቃ ውጊያ የሚያስገኘው 12 አሞሌ ነው። የብረት ጎራዴው ዋጋ 300 ስለሆነ 10 ጨዋታ፣ ማለትም 40 ደቂቃ ገበያ ውስጥ መቀመጥ ከጫካው ሁሉ ያዋጣል። ተጫዋቹ ወደ ዱር ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ ጭራቆች በአንድ ምት ይወድቃሉ፣ ለእነሱ የተደከመው ሥራ ሁሉ በከንቱ ይቀራል። ሽልማቱን ወደ 5 አሞሌ ስናወርደው ደግሞ ማንም አይቀመጥም። ገንዘብ ካበዛኸው ጌሙን ያጠፋል፣ ካሳነስከው ሚኒ ጌሙን ያጠፋል። መሐል የለውም ባይባልም፣ አዲስ ዕቃ በገባ ቁጥር እንደገና መመዘን ይጠይቃል። በገንዘብ መጫወት ቁማር ስለሆነም ቤት ውስጥ ወላጅ ፊት የሚከፈት ጌም እንዲሆን ስለፈለግን ውርርዱን ሙሉ በሙሉ አወጣነው።

በምትኩ የገባው ወሬ ነው። ሽማግሌው የአሞሌ ነጋዴ ነበሩ፤ መንገዱን ሁሉ ያውቃሉ። አንድ ጊዜ አብሯቸው የተጫወተ፣ ቢሸነፍም እንኳ፣ ቁልቁለቱ ላይ ጅብ የሚበዛበትን ሰዓት ይሰማል። ሦስት ጊዜ የተጫወተ የበረኛውን ስምና የሚወደውን ነገር ይሰማል። ያልተጫወተ ሰው ይህንኑ ከመንገድ መሪ በ15 አሞሌ ይገዛል። ስለዚህ ማንም አይጎዳም። ንግግሩ ይህን ይመስላል፦

«ና ልጄ፣ ቁጭ በል። ገበጣ ትችላለህ?»
«ያስተምሩኛል አባባ?»
«ምን ገዶኝ! መጀመሪያ ግን እጅህን አሙቅ፤ በበረዶ እጅ ጠጠር አይያዝም።»

ሲሸነፍ ደግሞ፦ «አብሽር ልጄ። ጠጠርህን ስትቆጥር የእኔን ረሳህ።» ይቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትምህርትም ናት፦ ስህተቱ የት እንደነበር ትነግራለች። በየሽንፈቱ ከሚመጡት ስድስት ንግግሮች አራቱ እንዲህ ከተጫወተው እጅ ጋር የተያያዙ ናቸው። ለምሳሌ ሽማግሌው በአንድ እጅ ከ6 በላይ ከበሉ የሚሉት ሌላ ነው።

ላሸነፈ የሚሰጠው አንድ የወንዝ ጠጠር ብቻ ነው። ኃይል አይጨምርም፣ አይሸጥም። ግን በሌሎች ከተሞች ያሉ ሦስት ገበጣ ተጫዋቾች ጠጠሩን ያውቁታል፤ ከረጢቱ ውስጥ ካለ ራሳቸው ይጠሩታል፣ ከሌለ ተጫዋቹ መጠየቅ አለበት። ከሠራነው ሁሉ በጣም የምንወደው ይህን ነው።

ከመብራት ጋር የተያያዘ አንድ ነገር፦ ሰሌዳው በየእጁ ሴቭ ይደረጋል። የሚጻፈው 15 ቁጥር ብቻ ነው፤ 12 ጉድጓድ፣ የሁለቱ የበሉት፣ ተራው የማን እንደሆነ። መብራት በመሐል ቢጠፋ ወይም የስልክ ባትሪ ቢያልቅ ጨዋታው ከዚያው ይቀጥላል። በሰዓት እየከፈለ ለሚጫወት ሰው ደግሞ ጨዋታን አቋርጦ መነሳት ያለ ቅጣት መሆን አለበት፤ ሽማግሌው «ስትመለስ እንጨርሳለን» ይላሉ።

ቅኝት መለየቱ ገና ጥሬ ነው። አዝማሪው በማሲንቆ አጭር ዜማ ይጫወታል፤ ተጫዋቹ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ ብሎ ይመርጣል። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስም ስለሆኑ በካርታው ላይም አሉ። ስህተቱ ዜማዎቹን ሲያሳጥሩ መጣ። ከዶ ሲነሱ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ድምፆች አንድ ናቸው! በእነዚያ ሦስት ብቻ የተሠራ ዜማ መልስ የለውም፤ ተጫዋቹ ቢሳሳት ጥፋቱ የእኛ ነው። አሁን እያንዳንዱ ዜማ አምስቱንም ድምፅ መንካትና መነሻው ላይ መዝጋት አለበት፤ አጭሩ 9 ድምፅ ሆኗል። ድምፅ ዘግቶ የሚጫወት ወይም የማይሰማ ሰው ይህን ቢያልፈው በጌሙ ውስጥ ምንም በር አይዘጋበትም።

ዓሣ ማጥመዱ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ቆሮሶና አምባዛ አሉ፣ ክር ሲወጠር መልቀቅ፣ ሲላላ መሳብ ነው። የተያዘው ዓሣ ቁስል ስለሚፈውስ የመድኃኒት ሻጩ ሥራ ፈታ፤ አሁን ዓሣ የሚፈውሰው ሌሊት ሲያርፉ ተጠብሶ ሲበላ ብቻ ነው። በቂ ነው።

ቀጣዩ ሥራ ባለሦስት መደዳው ገበጣ ነው፤ 18 ጉድጓድ ስለሚሆን ትይዩ የሚለውን ቃል በኮዱ ውስጥ እንደ አዲስ መተርጎም ያስፈልጋል። የመሐሉ መደዳ የማን እንደሆነ ገና አልወሰንንም። በዚህ ደንብ የሚጫወቱ አረጋውያንን ደሴም ኮምቦልቻም የምታውቁ ካላችሁ፣ መደዳው እንዴት እንደሚከፈልና እጁ በየት በኩል እንደሚዞር ጠይቃችሁ ላኩልን።