የኮፉ ዋንጫ

ጅማ ቁጭ ብለህ የጃፓን ኳስ ምን ያደርግልሃል የሚለኝ ሰው እ.ኤ.አ. የ2022ቱን የንጉሠ ነገሥት ዋንጫ ይይልኝ። ቬንትፎሬት ኮፉ በሁለተኛው ሊግ ከ22 ክለቦች 18ኛ ነበር። በጥሎ ማለፉ ግን እነ ካሺማን፣ የአንደኛው ሊግ ክለቦችን፣ እያሰናበተ ፍጻሜ ደረሰ። ከአንደኛው ሊጉ ሂሮሺማ ጋር 1 ለ 1 እንዳሉ፣ ጭማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል የኮፉው የ42 ዓመት ተጫዋች ሂዴኦሚ ያማሞቶ ኳስ በእጁ ነካና ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፤ በቃ አለቀ ሲባል የኮፉ በረኛ ካዋታ አዳነው! በመለያ ምቱስ? የመጨረሻዋን አስቆጥሮ ለኮፉ ዋንጫውን ያስገኘው ራሱ ያማሞቶ ነው። በጣም ነው ደስ ያለኝ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ባደገበት ዓመት ፕሪሚየር ሊጉን ሲበላ ያየ የጅማ ልጅ ስሜቱ ይገባዋል። ኮፉ ከዚያ የእስያ ሻምፒዮንስ ሊግ ገብቶ ምድቡን አለፈ፣ ያውም እዚያው ሁለተኛው ሊግ እያለ።