በአንድ ደብል ቤዝ ክላሲካልና ጃዝ፦ ለምን ለደጋኑ እንዳደላሁ

የምኖረው በዋሽንግተን አቅራቢያ በሜሪላንድ ነው። ማክሰኞ ማታ ከአማተር ኦርኬስትራ ጋር እለማመዳለሁ፤ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ከሦስት የአገሬ ልጆች ጋር በአንድ ምግብ ቤት ጃዝ እጫወታለሁ። ለሁለቱም ያለኝ ደብል ቤዝ፣ ማለትም ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ ባለ አራት ክር መሣሪያ፣ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ሁለተኛ የምገዛበት ገንዘብ ቢገኝ እንኳ ቁመቱ 1.80 ሜትር ገደማ የሆነ ዕቃ ሁለት የሚያስቀምጥ ቤት የለኝም።

ማሲንቆንና ክራርን ለሚያውቅ ሰው ችግሩን ማስረዳት አይከብድም። ክላሲካል ሙዚቃ ውስጥ ቤዝ በአብዛኛው በደጋን ይጫወታል፤ ጃዝ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በጣት ነው። ለደጋን የሚመቸው ክር ደጋኑ ገና ሲነካው የሚናገርና ደጋኑ ሲነሳ ዝም የሚል ነው፤ ለጣት የሚፈለገው ደግሞ አንዴ ከተመታ በኋላ እስከሚቀጥለው ኖታ ድረስ እያስተጋባ የሚቆይ ነው። ስለዚህ አንዱን ያስደሰተ ክር ሌላውን ያስቀይማል።

መሣሪያውን የገዛሁት ከጃዝ ተጫዋች ስለነበር ስፒሮኮር የተባሉት የብረት ክሮች ተወጥረውበት ነበር፤ በጣት ሲመቱ ድምፃቸው ረጅምና ብሩህ ነው። ኦርኬስትራው የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ መለማመድ ሲጀምር ግን ጉዱ ወጣ። በሦስተኛው ክፍል መሐል ቼሎዎችና ቤዞች እየተጣደፉ የሚጀምሩት ፈጣን ዜማ አለ፤ እዚያ ላይ የኔ ክሮች ከእያንዳንዱ ኖታ በፊት ፉጨት ያሰሙ ነበር። የቤዞቹ ተጠሪ ጨዋ ሰው ስለሆነ በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብሎ፣ ከኔ በኩል አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ እንደሚሰማው ብቻ ነገረኝ።

በዚያው ሳምንት ፍሌክሶኮር የተባሉ የኦርኬስትራ ክሮች ገዛሁና አራቱንም አሮጌ ክሮች በአንድ ጊዜ አወረድኩ። ይህ ትልቁ ስሕተቴ ነበር። በቤዙ ሆድ ውስጥ፣ ክሮቹ ከሚያርፉበት ብርኩማ አንድ እግር አጠገብ፣ ከፊት እስከ ጀርባ እንጨት የሚደርስ ሳውንድ ፖስት የሚባል ቀጭን ዘንግ አለ፤ በሙጫ አልተጣበቀም፣ ቀጥ አድርጎ የያዘው የክሮቹ ጫና ብቻ ነው። የመጨረሻው ክር ሲላላ ከውስጥ «ቷ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወደ ጠጋኙ ወሰድኩት፤ ሽማግሌው ምንም ሳይናገር በኤፍ ቅርፅ ቀዳዳው በኩል ጠማማ ብረት አስገብቶ ዘንጉን አቆመልኝና ክር የሚቀየረው አንድ በአንድ መሆኑን እንደ ልጅ አስረዳኝ።

አዲሶቹ ክሮች በደጋን ግሩም ነበሩ። ቅዳሜ ግን ከበሮ መቺያችን በሁለተኛው ዘፈን መሐል ጎንበስ ብሎ «ወንድሜ፣ ድምፁ የት ሄደብህ? ግድግዳ የምትደበድብ ነው የሚመስለው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እያንዳንዱ ኖታ እንደ ተመታ ይሞት ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሁለቱም ተብለው የሚሸጡትን ሄሊኮር ሃይብሪድ ክሮች ሞከርኩ። ለአንድ ዓመት ያህል ትክክለኛውን መሐል እየፈለግሁ ከቆየሁ በኋላ የደረስኩበት ሐሳብ፣ ሸክሙ እኩል መከፈል የለበትም የሚል ነው። ጃዝ ስጫወት ከጎኔ አምፕሊፋየር አለ፤ አጭር ድምፅን በመጠኑ ያግዘዋል፣ ደካማ ድምፅንም ያጎላል። ኦርኬስትራ ውስጥ ግን ፉጨትን የሚሸፍን ምንም ነገር የለም። ስለዚህ መሣሪያውን በመጀመሪያ ለደጋኑ አስተካክዬ፣ የጃዙን ጉድለት እጄ እንዲሞላው ወሰንኩ። ግራ እጄ የሚቀጥለው ኖታ እስኪደርስ ክሩን አጥብቆ መያዝ ተማረ፤ ቀኝ እጄ ደግሞ በጣት ጫፍ መምታቱን ትቶ፣ በጣት ሰሌዳው መጨረሻ አካባቢ በአመልካች ጣቴ ጎን በሥጋው መሳብ ለመደ። ዝነኛው የጃዝ ቤዝ ተጫዋች ሮን ካርተርም እ.ኤ.አ. በ1959 ክላሲካል ከሚማሩበት ከኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመርቆ ነው በ1963 የጃዝ ጥሩምባ ነፊው ማይልስ ዴቪስ ዘንድ የገባው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ፤ ንጽጽሩ ድፍረት መሆኑ ይታወቀኛል።

ያልጠበቅሁት ነገር፣ የኢትዮ ጃዝ ዜማዎችን ስንጫወት ይኸው ጨለም ያለ አጭር ድምፅ ከስፒሮኮሩ የተሻለ መሆኑ ነው። እዚያ ቤዙ አንድ አጭር ሐረግ ደጋግሞ ይመልሳል፤ በኖታዎቹ መካከል ያለው ዝምታ ካልተሰማ ምቱ ይደበዝዛል።

የክሮቹ ከፍታም አለ። ጠጋኙ የብርኩማውን ሁለት እግሮች ቆርጦ እንደ ብሎን የሚዞሩ ትንንሽ ጎማዎች አስገባልኝ፤ አንድ ሙሉ ዙር ብርኩማውን ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ በላይ ያነሳል። በጣት ሰሌዳው ጫፍ ላይ ስለካው፣ ቀጭኑ ክር 6፣ ወፍራሙ 9 ሚሊ ሜትር ሲሆን ለሁለቱም ሥራ ይበቃኛል። መጀመሪያ ላይ ለማክሰኞ ከፍ፣ ለቅዳሜ ዝቅ አደርግ ነበር፤ በየጊዜው ርቀቱ ሲለዋወጥ ግራ እጄ ስለሚደናገር ተውኩት። አሁን ጎማዎቹን የምነካው ለአየሩ ስል ነው፤ የዚህ አገር በጋ እርጥበቱ ከባድ ስለሆነ እንጨቱ ያብጥና ክሮቹ ይነሳሉ፤ በክረምት ማሞቂያው አየሩን ሲያደርቀው ይወርዳሉ። ጎማዎቹን ባዞርኩ ቁጥር ብርኩማው ወደ አንገቱ እንዳላዘመመ በዓይኔ አያለሁ።

ሌላው ጣጣ ንጽሕና ነው። የማሲንቆ ተጫዋች ጭራውን ዕጣን እንደሚያሸው እኛም ደጋኑን ሮዚን እናሸዋለን፤ ቅዳሜ ማታ የጣቴ ላብና ቅባት ደጋኑ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ካረፈ፣ ማክሰኞ ደጋኑ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ስለዚህ ከጃዝ በኋላ ክሮቹን በደረቅ ጨርቅ እወለውላለሁ። አንድ ጊዜ ቸኩዬ በአልኮል ለማጽዳት ስሞክር ጠብታ ወርዶ ቫርኒሹን በላው፤ ነጩ ጠባሳ ዛሬም ከብርኩማው ግራ እግር አጠገብ ይታያል።