ቃል የሌለው አልበም

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከፋሲል ግቢ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በእግሬ እየሄድሁ፣ ስሙን ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ቡድን ያለ ድምፃዊ የሠራውን የጎቲክ ሜታል (ኀዘን የተጫነው የከባድ ሮክ ስልት) አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳመጥሁ። ይህ ስልት በእንግሊዝ አገር ሲቀረጽ፣ በ1991 እ.ኤ.አ. «ጎቲክ» የተሰኘውን አልበም ያወጣው ፓራዳይዝ ሎስት የተባለው ቡድን የወንድን ሻካራ ድምፅ ከሴት ዜማ ጋር አጣምሮ ነበር፤ ይኸኛው ቡድን ግን ሁለቱንም ትቷቸዋል። ትልቅ ድፍረት ነው። ዘፋኝ በሌለበት ኀዘኑን ሁሉ የሚሸከሙት ዝግ ብሎ የሚራመደው ከበሮ፣ ኪቦርዱና የጊታሩ ጉርምርምታ ናቸው።

ያ ጉርምርምታ በገናን አስታወሰኝ። በዐሥሩ የበገና አውታሮችና እነርሱ በሚያርፉበት በበርኩማው መካከል የሚገባው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዝራው፣ ድምፁን እንደሚያነዝረው ሁሉ፣ የጊታሩም ድምፅ ሆን ተብሎ እንዲሻክር ስለተደረገ ደረት ውስጥ ገብቶ ይቆያል። (በዐቢይ ጾም በገና እየሰማ ያደገ ጆሮዬ ያልተቸገረው ለዚህ ይመስለኛል።) በመጨረሻዎቹ ሁለት ሙዚቃዎች ኪቦርዱ ጊታሩን መሸፈኑን ግን አልወደድሁትም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስደርስ ማዳመጫውን አውልቄ ገባሁ፤ ከጣሪያው ቁልቁል የሚመለከቱትን የመላእክት ፊቶች ቀና ብዬ ሳይ፣ ሦስተኛው ሙዚቃ በውስጤ ገና አላለቀም ነበር።