በዚህ ገና ስለ ማዳም ዎከር ላጫውታችሁ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ቤታችሁ ሞልቶ፣ ያሰባችሁት ሁሉ ተሳክቶ የምታከብሩት በዓል ይሁንላችሁ።

ዘንድሮ ከምኞቴ ጋር የአንዲት ሴት ታሪክ ልኬላችኋለሁ። ሣራ ብሪድላቭ ትባላለች፤ ብዙዎች የሚያውቋት ግን ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር በሚለው ስሟ ነው። በፈረንጆቹ ገና ሰሞን፣ ዲሴምበር 23 ቀን 1867፣ በአሜሪካ ሉዊዚያና ተወለደች። ወላጆቿ ባሪያዎች ነበሩ። ከቤተሰቡ በነጻነት የተወለደች የመጀመሪያዋ ልጅ እሷ ናት። በ7 ዓመቷ እናትም አባትም አልነበሯትም። በ14 ዓመቷ አገባች፤ በ20 ዓመቷ ባሏ ሞተ። ከዚያ ሴንት ሉዊስ ገብታ፣ የሰው ልብስ እያጠበች አንዲት ልጇን አሳደገች።

ፀጉሯ ይረግፍ ነበር። መጀመሪያ አኒ ማሎን የምትባል ሌላ ጥቁር ነጋዴ የምታዘጋጀውን የፀጉር ቅባት እየዞረች ሸጠች፤ በኋላ የራሷን ጀመረች። በጥቁሮች ጋዜጦች ላይ ባወጣችው ማስታወቂያ የታየችው ራሷ ናት፤ ያኔ የተጎዳው ፀጉሯ፣ አሁን ደግሞ ትከሻዋ ላይ የተኛው ፀጉሯ። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ድፍረት ነው። የትኛዋ ሴት ናት የተመለጠ ፀጉሯን ለአገር የምታሳየው?

በ1912 ቺካጎ ላይ የጥቁር ነጋዴዎች ጉባኤ ነበር። ሰብሳቢው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን የመናገር ዕድል አልሰጣትም። በመጨረሻው ቀን ሳትጋበዝ ተነሳች። ከጥጥ ማሳ ወደ ልብስ ማጠቢያ፣ ከዚያ ወደ ማድቤት፣ ከዚያም በራሷ መሬት ላይ ወደ ሠራችው ፋብሪካ እንዴት እንደደረሰች ተናገረች። በዓመቱ ተጋባዥ ተናጋሪ ሆና ተመለሰች።

እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምወደው የ1917ቱን ነው። ቅባቷን የሚሸጡ ሴቶች በየከተማው ክበብ ነበራቸው። በዚያ ዓመት ከ200 በላይ የሚሆኑትን ፊላደልፊያ ሰበሰበቻቸው። ሽልማት ያገኙት ብዙ የሸጡት ብቻ አይደሉም፤ ለተቸገረ ብዙ የሰጡትም ተሸለሙ። ሴቶቹ እዚያው ሆነው፣ ጥቁሮችን ያለ ፍርድ መግደል በሕግ እንዲቆም ለፕሬዚዳንት ዊልሰን ቴሌግራም ላኩ። ፀጉር ሠሪዎች ናቸው እንግዲህ!

በበዓል ዋዜማ እስከ እኩለ ሌሊት ቆማችሁ ሹሩባ የምትሠሩ፣ ካስክ ስር የተቀመጠችውን ደንበኛ የምታስተናግዱ እህቶቼ፣ ይህን የጻፍኩት እናንተን እያሰብኩ ነው። እናንተም ፀጉር ቤት ወረፋ የምትጠብቁ ወዳጆቼ፣ ከሂሳቡ ላይ የበዓል ብላችሁ ጨምሩላቸው። መልካም ገና!