ቶኪዮ ውስጥ በጥሬ ዓሣ ስቲል ላይፍ (የማይንቀሳቀስ ነገር አቀናብሮ የሚነሳ ፎቶ) ለማንሳት ለምታስቡ

አንድ ሰው ቀደም ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

ቶኪዮ ፎቶግራፍ ስማር ልቤን የወሰደችው ሚቺኮ ኮን ናት። እ.ኤ.አ. በ1955 ካማኩራ ነው የተወለደችው። ከዓሣ፣ ከአትክልትና ከአበባ ልብስና ጫማ ትሠራና በጥቁርና ነጭ ታነሳዋለች። ጃፓኖች ኢካ የሚሉትን ባለ አሥር ክንድ የባሕር እንስሳና ስኒከርን አንድ ላይ ያደረገችበት እ.ኤ.አ. የ1989 ሥራዋን ሳይ አፌን ይዤ ቀረሁ።

መንገዱ ግን ከእሷም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1953 እና በ1954 የጂከን ኮቦ ቡድን አርቲስቶች ለፎቶ ብለው የተለያየ ቅርጽ ይገጣጥሙ ነበር። ኪዮጂ ኦትሱጂ እያነሳው አሳሂ ግራፍ መጽሔት ላይ ይወጣ ነበር። እኔም በዚያው መንገድ የራሴን ጫማ ልሠራ ተነሳሁ።

ግዢው ቀላል ነው። የቶኪዮ የዓሣ ጅምላ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2018 ከጹኪጂ ሰፈር ወደ ቶዮሱ ሄዷል፤ ግን ቶዮሱ ድረስ አትድከሙ፤ እዚያ ጎብኚ ከላይ ሆኖ ነው የሚያየው። ጹኪጂ የቀሩት የውጪ ሱቆች ለማንም ይሸጣሉ።

መከራዬ ስቱዲዮው ነበር። የኪራይ ደንባቸው «ምግብ ማንሳት ይቻላል» ይላል። ደውዬም ጥሬ ዓሣ እንደማመጣ ተናግሬያለሁ። እሺ ብለው ሙሉ ሂሳብ ተቀበሉኝ። ጠዋት ኢካዬን በበረዶ ሳጥን ይዤ ደረስኩ። ተረኛው ክዳኑን ከፍቶ አየ። ከዚያ ጫማውን፣ መርፌውንና ክሩን አየ።

«ይሄ ምግብ አይደለም» አለኝ።

«አሁን ከገበያ የገዛሁት ነው፤ ቢጠበስ ይበላል» አልኩት።

«ሳህን ላይ ከሆነ ምግብ ነው። ጫማ ላይ ከተሰፋ አይደለም።»

ደንቡን አውጥቶ በጣቱ እያሳየ አነበበልኝ። ስለ ጫማ አንድም ቃል የለበትም። አለቃው ጋ ደወለ፤ አለቃው ስብሰባ ላይ ነው። ጠብቂ ተባልኩ።

ኢካ ደግሞ አይጠብቅም። ትኩስ ሲሆን ቆዳው እንደ ብርጭቆ ያሳልፋል፤ ቡናማ ነጠብጣቦቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ሲቆይ ይነጣል። እኔ የፈለግሁት ያንን ብርጭቆ ነው። በረዶው እየቀለጠ፣ በር ላይ እንደቆምኩ፣ ዓይኔ እያየ ነጣ። በመጨረሻ አለቃው «አይቻልም» አለ። ገንዘቤም አልተመለሰም፤ የሰረዝሽው አንቺ ነሽ ተባልኩ። እኔ ነኝ የሰረዝኩት? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እጅ እየነሱ ነው ያባረሩኝ።

ስለዚህ ስቱዲዮ አትከራዩ። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት ይበቃል፤ እኔ በመጨረሻ ያነሳሁት ክፍሌ ውስጥ ነው። በዓሣው ቦታ እርጥብ ጨርቅ አስቀምጣችሁ ካሜራውንና ብርሃኑን ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ዓሣው መጨረሻ ይምጣ። የሚያሞቅ መብራት አታስጠጉበት፤ ያደርቀዋል። መምህራን ግሊሰሪን ርጩበት ይላሉ። አልስማማም፤ ፕላስቲክ ያስመስለዋል። የጨው ውሃ በብሩሽ መቀባት ይሻላል። ስፌቱን ከጫማው አፍንጫ ጀምሩ፤ ክሩን እጥፋቱ ሥር ደብቁት። አጥብቃችሁ ከሳባችሁ ሥጋው ይቀደዳል። በእኔ ፎቶ ላይ አንድም ክር አይታይም፤ በዚህ እኮራለሁ።

ቀረጻውን ደግሞ የሚቃጠል ቆሻሻ (የምግብ ትርፍራፊም ያለበት) በሚነሳበት ቀን ዋዜማ አድርጉት። ሲያልቅ በጋዜጣ ጠቅልሉት፣ ድርብ ፌስታል ውስጥ ክተቱት፣ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩትና ጠዋት አውጡት። የሕንፃው ኃላፊ ማታም ማውጣት ይቻላል ቢላችሁ አትስሙት። የቶኪዮ ቁራ ፌስታል ቀዶ መንገዱ ላይ ይበትነዋል፤ ጥረጉ የምትባሉት ደግሞ እናንተ ናችሁ።